የሎራ ሴንሰር ቦርድ ለጀማሪዎች፦ ከግዢው እስከ መጀመሪያው መልእክት

«ሎራ ቦርድ ልገዛ ነው፣ የቱን ልግዛ? ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይመጣል። ዛሬ ለጀማሪ የሚያስፈልገውን ያህል በቅደም ተከተል እናየዋለን። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት፤ ቦርዱ እጃችሁ ሲገባ ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በዚህ ሥራ የጀማሪ ገንዘብ የሚባክነው ኮድ ላይ አይደለም። ኮድ በነፃ ይገኛል፣ ሲበላሽ ይታረማል። ኪስ የሚጎዳው ከኮዱ በፊት ያለው ነው፦ የማይሆን ፍሪኩዌንሲ ያለው ቦርድ መግዛት፣ ያለ አንቴና ማብራት፣ እና ከሎራ የማይጠበቅ ነገር መጠበቅ።

1. ሎራ ምንድን ነው?

ሎራ ትንሽ መረጃን፣ በትንሽ ኃይል፣ ሩቅ ቦታ የሚያደርስ የሬዲዮ ዘዴ ነው። ከሰፈር 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ የተቀመጠ የውሃ ሮቶ አለ እንበል። ውሃው ስንት እንደደረሰ ለማወቅ ሰው ዳገቱን መውጣት አለበት። ዋይፋይ እዚያ አይደርስም። ሲም ካርድ ያለው መሣሪያ ይሠራል፤ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ካርድ ይበላል፣ ባትሪም ይጨርሳል። ሎራ ግን ሲም አይፈልግም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ በአግባቡ ከተሠራ ደግሞ በአንድ ባትሪ ወራትን ይቆያል።

ዘዴው የተሠራው ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ በነበረው ሲክሊዮ በተባለ ድርጅት ነው። የአሜሪካው ሴምቴክ እ.ኤ.አ. በ2012 ገዛው። ዛሬ ቦርዶቹ ላይ «ኤስኤክስ1276»፣ «ኤስኤክስ1278» ወይም «ኤስኤክስ1262» የሚል ቺፕ የምታዩት ለዚህ ነው፤ የሴምቴክ ናቸው።

አሠራሩ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ቦርዱ መረጃውን የሚልከው ከቀጭን ወደ ወፍራም ወይም ከወፍራም ወደ ቀጭን እንደሚሄድ ፉጨት በሚንሸራተት ሲግናል ነው። ተቀባዩ የፉጨቱን ቅርጽ ስለሚያውቀው፣ ሲግናሉ ከአካባቢው የሬዲዮ ጫጫታ በታች ቢወርድ እንኳ ለይቶ ያወጣዋል። ርቀቱ የሚገኘው ከዚህ ነው። የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ፍጥነት ነው። በጣም ሩቅ በሚያደርሰው አቀማመጥ በሰከንድ 250 ቢት አካባቢ ብቻ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ እርሱት። «ሙቀት 24፣ ውሃ 60 በመቶ፣ በሩ ተከፍቷል» ዓይነት መልእክት ነው የሎራ ሥራ።

2. ሎራ እና ሎራዋን አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ሎራ ማለት ሬዲዮው ራሱ ነው። ሁለት ቦርድ ገዝታችሁ፣ አንዱ ሲልክ ሌላው ሲቀበል፣ ያ ሎራ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ሎራዋን ደግሞ በሬዲዮው ላይ የተሠራ የኔትወርክ ሕግ ነው። ብዙ ሴንሰሮች ወደ አንድ ጌትዌይ ይልካሉ፣ ጌትዌዩ በኢንተርኔት ወደ ሰርቨር ያደርሳል፣ ሰርቨሩ ለእናንተ ያሳያል። ሕጉን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው ሎራ አሊያንስ ነው።

ለጀማሪ ምክራችን አጭር ነው፦ በሁለት ቦርድ ጀምሩ። ጌትዌይ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሁለቱ ቦርዶች ሲነጋገሩ ካላያችሁ፣ ሎራዋን ላይ ችግር ሲፈጠር ጥፋቱ ከሬዲዮው ይሁን፣ ከጌትዌዩ ይሁን፣ ከሰርቨሩ ይሁን መለየት አትችሉም።

3. ከመግዛታችሁ በፊት፦ ፍሪኩዌንሲ

ቦርድ ስታዝዙ ሻጩ «433፣ 868 ወይስ 915?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ዝም ብላችሁ ርካሹን እንዳትመርጡ። እነዚህ ቁጥሮች በሜጋኸርዝ የተሰጡ የሬዲዮ መስመሮች ናቸው፤ የትኛው እንደሚፈቀድ የሚወስነውም አገሩ ነው።

• በአውሮፓ የሎራዋን ዋናው መስመር ከ863 እስከ 870 ነው። 433ም አለ።
• በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ነው።
• በእስራኤል ኤኤስ923-4 የሚባለው ዕቅድ ነው፤ ከ917 እስከ 920።

ይህ ለእኛ ለምን አስፈላጊ ሆነ? ብዙዎቻችን ዕቃ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ቦርድ በአሜሪካ አቀማመጥ ሲበራ ከ902 እስከ 915 ባለው ላይ ይልካል። ኢትዮጵያን ጨምሮ የ900 ሜጋኸርዝ የሞባይል ኔትወርክ ባለባቸው አገሮች ግን ከ890 እስከ 915 ያለው ስልኮች ወደ አንቴና ማማው የሚናገሩበት መስመር ነው። የእናንተ ሴንሰር እዚያ ውስጥ ገብቶ ሲጮኽ የሰው ስልክ ይረብሻል ማለት ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም።

በኢትዮጵያ ስፔክትረምን የሚያስተዳድረውና የሬዲዮ መሣሪያን ዓይነት የሚያጸድቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የተፈቀደውን መስመርና የኃይል መጠን፣ ዕቃውን ለማስገባት የሚያስፈልገውንም ማረጋገጫ ከባለሥልጣኑ ጠይቁ። በተለይ ለትምህርት ቤት፣ ለማኅበር ወይም ለንግድ የምትሠሩ ከሆነ መልሱን በጽሑፍ ያዙት።

ቦርዱ አስቀድሞ እጃችሁ ገብቶ ከሆነስ? ቺፑ ራሱ ሰፊ መስመር ይሸፍናል፤ የሚወስኑት በቦርዱ ላይ ያሉት ሌሎች ክፍሎችና አንቴናው ናቸው። «863–928» ተብሎ የተሸጠ ቦርድ ከሆነ በኮድ ወደ 868 ማዞር ይቻላል። የ433 ቦርድን ግን በኮድ 868 አታደርጉትም፤ ቁጥሩን ቢቀበላችሁም ሲግናሉ በጣም ይደክማል። ሁለቱ ቦርዶቻችሁ ደግሞ የግድ አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ 433 ሌላው 868 ከሆነ በፍጹም አይገናኙም።

4. የቱን ቦርድ?

ሁሉም ነገር አንድ ላይ የተሠራለትን ብትገዙ ጊዜ ታተርፋላችሁ። በብዛት የሚታወቁት እነዚህ ናቸው፦

ሄልቴክ ዋይፋይ ሎራ 32፦ ኢኤስፒ32 ማይክሮ ኮንትሮለር፣ የሎራ ቺፕ እና ትንሽ ስክሪን አብሮ አለው። ስክሪኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ኮምፒውተር ሳትይዙ ውጭ ወጥታችሁ ሲግናል ታያላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጀምር ይህ ይሻላል እንላለን።

ሊሊጎ ቲ-ቢም፦ ጂፒኤስ እና የባትሪ ማስቀመጫ አለው። ለሚንቀሳቀስ ነገር ጥሩ ነው። ጂፒኤሱ ግን ባትሪ ይበላል።

ራክ ዊዝብሎክ፦ ሴንሰሮቹ እንደ ሌጎ የሚገጣጠሙ ናቸው፤ ኃይል በመቆጠብ ጎበዝ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል።

ራ-02 ሞጁል ከአርዱይኖ ጋር፦ ርካሹ መንገድ ነው፤ ወጥመድም አለው። ሞጁሉ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፣ የአርዱይኖ ኡኖ እግሮች ደግሞ 5 ቮልት ይሰጣሉ። በቀጥታ ካገናኛችሁት ሊቃጠል ይችላል። የኡኖው የ3.3 ቮልት መውጫም 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚችለው፤ ቺፑ በሙሉ ኃይል ሲልክ ግን 120 አካባቢ ይፈልጋል። «ይቀበላል፣ ሊልክ ሲል ግን ይጠፋል» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

5. አንቴና፦ ኤሌክትሪክ ከመስጠታችሁ በፊት

ሕጉ አንድ ነው፦ አንቴና ሳይታሰር ቦርድ አይበራም። ሬዲዮው የሚልከው ኃይል መውጫ ሲያጣ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ማጉያውን ሊያበላሸው ይችላል። ቦርዱ ውጭውን ደህና ይመስላል፣ ርቀቱ ግን ከዚያ በኋላ ጥቂት ሜትር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አንቴናው ከፍሪኩዌንሲው ጋር ይመሳሰል። የሩብ ሞገድ ሽቦ ርዝመት ለ433 ሜጋኸርዝ 17.3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለ868 ደግሞ 8.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሌላ ዕቃ የተነቀለ የዋይፋይ አንቴና ቢገጥምም አይሆንም፤ የተሠራው ለ2400 ሜጋኸርዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ከፍታ። ጥሩ አንቴና መሬት ላይ ከሚጋደም፣ ተራ አንቴና ምሰሶ ላይ ቢቆም ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውሮፓ ከባሉን ላይ የተላከ የሎራ ሲግናል በ25 ሚሊ ዋት ብቻ 702 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ይህን ቁጥር የሻጮች ማስታወቂያ ላይ ስታዩ ግን አትታለሉ፤ ባሉኑ ሰማይ ላይ ስለነበር ከፊቱ የሚጋርድ ነገር አልነበረም። ሁለት ጫፎች የሚተያዩ ከሆነ ሎራ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መሃል ላይ ኮረብታ ወይም የኮንክሪት ፎቅ ከገባ ግን ወደ መቶዎች ሜትር ሊወርድ ይችላል። የቆርቆሮ ጣራ ሥር ማስቀመጥም አይመከርም፤ ብረት ሲግናል ይዘጋል።

6. የመጀመሪያው ቀን

በቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ) አርዱይኖ አይዲኢን ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ፤ የቦርዳችሁን ዓይነት ጨምሩ።
ለ) አንቴናውን እሰሩ፣ ከዚያ ዩኤስቢውን ሰኩ። ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላየው መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ኬብል በየቤቱ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ነው ድራይቨር መፈለግ።
ሐ) ሬዲዮሊብ የተባለውን ላይብረሪ አውርዱ። ከቦርዱ ጋር የሚሄደውን የመላኪያ ምሳሌ አንዱ ላይ፣ የመቀበያውን ሌላው ላይ ጫኑ።
መ) ሁለቱም ላይ ፍሪኩዌንሲ፣ ባንድዊድዝ፣ ስፕሬዲንግ ፋክተር፣ ኮዲንግ ሬት እና ሲንክ ወርድ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ። ፍሪኩዌንሲው ወይም ስፕሬዲንግ ፋክተሩ ብቻ እንኳ ከተለያየ መልእክቱ ሳይደርስ ይቀራል፤ ስህተት የሚል ጽሑፍም አይወጣም።

ዩቲዩብ ላይ ያሉ የቆዩ ትምህርቶች የሚያሳስቱት እዚህ ጋ ነው። የድሮው ሄልቴክ ቨርዥን 2 ኤስኤክስ1276 ቺፕ ነበረው፤ ቨርዥን 3 ኤስኤክስ1262 ሆኗል። በብዙ ቪዲዮ የሚታየው «አርዱይኖ ሎራ» ላይብረሪ አዲሱን ቺፕ አያውቀውም። ኮዱ ልክ ሆኖ ቦርዱ «ሎራ አልጀመረም» ካለ፣ ቦርዱ ሞቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት የቺፑን ስም አንብቡ።

የመጀመሪያው መልእክት ሲደርስ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ። አርኤስኤስአይ የሲግናሉ ጉልበት ነው፤ ‎-60 ቅርብ ነው፣ ‎-120 አካባቢ ጫፍ ላይ ናችሁ። ኤስኤንአር ደግሞ ሲግናሉ ከጫጫታው ጋር ሲነጻጸር ነው። ከዜሮ በታች ቢሆን አትደንግጡ፤ ሎራ በስፕሬዲንግ ፋክተር 12 እስከ ‎-20 ድረስ ይሰማል።

ከዚያ አንዱን ቦርድ መስኮት ወይም ጣራ ላይ አድርጋችሁ ሌላውን ይዛችሁ ውጡ። በየ200 ሜትሩ ቆማችሁ ቁጥሮቹን መዝግቡ። ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ትክክለኛ ቦታ ድረስ ሂዱ። ይህ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ብዙ ወጪ ያድናል።

7. ስፕሬዲንግ ፋክተር፦ ርቀት በነፃ አይገኝም

ከ7 እስከ 12 ያለ ቁጥር ነው። ወደ 12 ስትሄዱ ርቀቱ ይጨምራል፣ ግን መልእክቱ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ በየደረጃው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለምሳሌ 10 ባይት መረጃ በሎራዋን በ7 ሲላክ 62 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በ12 ግን 1.48 ሰከንድ። ከ20 እጥፍ በላይ ነው! ባትሪውም በዚያው ልክ ይበላል።

አውሮፓ ውስጥ በተለመዱት የ868 ቻናሎች አንድ መሣሪያ ከጊዜው 1 በመቶ ብቻ ነው አየሩን መያዝ የሚችለው። 1.48 ሰከንድ ከላከ ከ2 ደቂቃ በላይ ዝም ይላል ማለት ነው። መስመሩ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲያወራ የሚውል ከሆነ ሌላው አይሰማም። ስለዚህ በ7 ጀምሩ፣ ካልደረሰ ብቻ አንድ አንድ ጨምሩ። አንቴናውን 2 ሜትር ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከመጨመር ይሻላል።

8. መልእክቱን አሳጥሩ

«የውሃው መጠን 60 በመቶ ነው» ብላችሁ በጽሑፍ አትላኩ። ቁጥሩን ብቻ ላኩ። ለሮቶው ምሳሌያችን ይህ ይበቃል፦ የሴንሰሩ መለያ 1 ባይት፣ ተራ ቁጥር 1 ባይት፣ የውሃ መጠን ከ0 እስከ 100 1 ባይት፣ የባትሪ ቮልት 2 ባይት (3.87ን 387 ብሎ መላክ)። ድምር 5 ባይት። በቃ!

ተራ ቁጥሩን እንዳትተዉት። 14፣ 15፣ 18 ብሎ ከመጣ ሁለት መልእክት መጥፋቱን ታውቃላችሁ። የባትሪውን ቮልት መላክም ከመሞቱ በፊት እንድትደርሱለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን አስቡበት፦ ሴንሰሩ ዝም ሲል ተቀባዩ ምን ያሳያል? በየ15 ደቂቃው መላክ ያለበት ሴንሰር ቢበላሽና ስክሪኑ ላይ የትናንቱ «80 በመቶ» ተጽፎ ቢቆይ፣ ሰፈሩ ውሃ አለ ብሎ ይቀመጣል። ሮቶው ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ለ1 ሰዓት ምንም ካልሰማ ቁጥሩን አጥፍቶ «መልእክት የለም» እንዲል አድርጉት። ሰው የሚተማመንበት ነገር ከሆነ፣ በመጀመሪያው ወር ዳገቱን መውጣት አታቁሙ፤ ቁጥሩን ከዓይናችሁ ጋር አመሳክሩ።

9. ባትሪ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 2000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ባትሪ አላችሁ እንበል። ቦርዱ ሳይተኛ 80 ሚሊ አምፔር ቢበላ በ25 ሰዓት ያልቃል። ተኝቶ፣ በየ15 ደቂቃው ነቅቶ ልኮ ቢተኛና አማካዩ 1 ሚሊ አምፔር ቢሆን 2000 ሰዓት ነው፤ ወደ 83 ቀን። ባትሪው ያው ነው፣ ልዩነቱን የፈጠረው እንቅልፍ ነው። በኮድ «ዲፕ ስሊፕ» የሚባለውን ተማሩ፤ ስክሪኑንና ሴንሰሩንም አብራችሁ አጥፉ።

ጥንቃቄ! የሊቲየም ባትሪ ከማሰራችሁ በፊት ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ከቦርዱ ምልክት ጋር አመሳክሩ። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ባትሪ ሽቦው ተገልብጦ ይመጣል። ያበጠ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ቤት ውስጥ ቻርጅ አድርጋችሁ አትተኙ።

10. ቀጥሎስ?

ሁለቱ ቦርዶች ለሳምንታት ሳይቋረጡ ከሠሩ፣ አሁን ሎራዋን አስቡ። በዓለም ላይ የታወቀው ክፍት ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2015 አምስተርዳም ላይ የተጀመረው ዘ ቲንግስ ኔትወርክ ነው። አውሮፓ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ጌትዌይ ሊኖር ስለሚችል ካርታውን መጀመሪያ እዩ። በነፃው አገልግሎት አንድ ሴንሰር በቀን 30 ሰከንድ አየር ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ከላይ ባየነው ሒሳብ 10 ባይቱ በ7 ከሆነ ወደ 486 መልእክት፣ በ12 ከሆነ 20 መልእክት ነው።

አቅራቢያችሁ ጌትዌይ ከሌለና የራሳችሁን የምትገዙ ከሆነ 8 ቻናል ያለውን ግዙ። «ባለ አንድ ቻናል ጌትዌይ» ብለው በርካሽ የሚሸጡት ሎራዋንን በሙሉ አይሰማም፤ ሴንሰሩ በየቻናሉ እየዘለለ ሲልክ እሱ አንዱን ብቻ ይሰማል።

ስለ ደህንነትም እንንገራችሁ። ተራው ሎራ አይመሰጠርም፤ ተመሳሳይ ቦርድ ያለው ሰው ሁሉ ሊሰማው፣ አስመስሎ ሊልክም ይችላል። ለሮቶ መጠን ብዙም ላያሳስብ ይችላል። ፓምፕ ለማስነሳት ወይም በር ለመክፈት ግን በተራው ሎራ አትተማመኑ። ሎራዋን በ128 ቢት ኤኢኤስ ይመሰጥራል። «አፕ ኪይ» የተባለው ቁልፋችሁ የሚታይበትን ስክሪንሾት ግን የትም እንዳትለጥፉ።

በአጭሩ፦ መጀመሪያ ደንቡን ጠይቁ፣ ከዚያ አንድ ዓይነት ሁለት ቦርድ ግዙ፣ አንቴና እሰሩ፣ በእግራችሁ ለኩ፣ መልእክቱን አሳጥሩ፣ ቦርዱን አስተኙ። ጌትዌዩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ያልገባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ከውጭ ዕቃ ሊልክላችሁ ያሰበ ዘመድ ካለ ደግሞ ተራ ቁጥር 3ን ሳያነብ እንዳይገዛ ሼር አድርጉለት። መልካም ሙከራ!